ጋርፊልድ የዳነበት እሑድ

ጧ አለ። ቆየት ብሎ ሌላው ጧ። ከዚያ ቀለል ያሉት ተከተሉ፤ ጧ ጧ፣ ጧ ጧ። በመጨረሻ አንድ የሴት ተረከዝ ቀጭ አለና ዝም ሆነ።

ሰላሀዲን ዓይኑን ሳይገልጥ አወቃቸው። የበረዶ ጫማ በር ሥር ሲወልቅ ድምፁ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አልጋ ላይ የከረመ ሰው ደግሞ ሌላ የሚያጠናው ነገር የለውም። ከባዱ የኢስሀቅ ነው። ኢስሀቅ እንደሱው የኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ያረጀ ባልንጀራው ነው፤ ጫማውን ጎንበስ ብሎ አያወልቅም፣ ግድግዳ ይደገፍና እግሩን አራግፎ ይወረውረዋል። የቀሩት የመስጊድ ሴቶችና ባሎቻቸው ናቸው። ከሁሉም ጫማ የማይሰማው የሚስቱ የዙሌካ ብቻ ነበር። እሱ ከተኛ ወዲህ ከሆስፒታል በስተቀር ከዚህ ቤት ወጥታ አታውቅም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። ከሕንፃው ኤሌቬተሮች አንዱ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ሌላው ሞልቶ ስለሚያልፍ ጠያቂው እኩሌታው በደረጃ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ወደ መኝታ ቤቱ የሚገቡት እያለከለኩ ነው። ታማሚው እሱ፣ ትንፋሽ ያጠራቸው እነሱ።

የተኛ መሰለ። አልጠቀመውም። «ተውት፣ አትቀስቅሱት» ተባባሉና ዙሪያውን ተቀምጠው ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ ሹክሹክታው ደግሞ ከጩኸት ይብሳል። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠ። አንዷ ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር ለውሳ አምጥታለች። አንዱ በትንሽ ብልቃጥ የዘምዘም ውሃ ይዟል። አንዱ ደግሞ በረዶ ሆኖ የሚሸጥ የግመል ወተት ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከስካርቦሮ ድረስ ሄዶ ገዝቷል። ከዚያ መዳሰሱ መጣ። እያንዳንዱ በተራው እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ያሳርፍና «እዚህ ጋ ነው የሚያሞት?» ይላል፤ ይጫናል። «ወይስ ወዲህ?» ደግሞ ይጫናል። ሰላሀዲንም አዎ ቢል ስለሚጫኑት፣ አይ ቢልም ሌላ ቦታ ስለሚፈልጉ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ይላቸዋል።

ኢስሀቅ ከእግርጌው ተቀምጦ በባልንጀራው ክሳት ቀለደ። ድሮ አንተ ስትገባባት ታክሲዋ ወደ ግራ ታዘነብል ነበር፤ አሁን አንተን ጭኖ ሜትር ማብራት ራሱ ነውር ነው አለው። ሁሉም ሳቁ። ሰላሀዲንም ትንሽ ሳቀ፤ ሆዱ እንዳይነቃበት በጥርሱ ብቻ።

ዙሌካ በሩ ላይ ቆማ የዕለቱን ወሬ ሰጠች። የሆዱ ቁስለት እየደረቀ ነው፤ ትናንት ሾርባ ጠጥቷል፤ ሰኞ ጉሉኮሱን ሲወስድ አንደኛውን ይለይለታል። እንግዶቹ በአንድ ድምፅ «ኢንሻአላህ» አሉ። ሁሉም ምንጣፉን እያዩ ነበር ያሉት። ሁሉም ያውቁ እንደነበር ሰላሀዲን የገባው በዚህ ነው፤ ለሚድን ሰው ኢንሻአላህ ሲባል ፊት ፊቱ እየታየ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ዶክተሯ አስተርጓሚ በስልክ ላምጣ ወይ ብላ ጠይቃ ነበር። ዙሌካ ልጃችን አለችልን አለች። ልጅቱ ራውዳ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋ ከቤት በር የማይወጣ፣ ኖርዝ ዮርክ ቢሮ የምትሠራ አንዲት ልጃቸው። ዶክተሯ ወንበሯን ወደሱ አስጠግታ ቀስ ብላ ተናገረች። በሽታውን በስሙ ጠራችው። ከቆሽት ተነስቶ ጉበት ደርሷል አለች። መድኃኒቱ አያድነውም፣ ትንሽ ያቆየው ይሆናል፣ ግን በጣም ያደክመዋል፤ መውሰዱንም መተዉንም የሚወስነው እሱ ነው አለች። ራውዳ አፏን ከፈተች። እናቷ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ልጅቱም አፏን ዘግታ እንደገና ከፈተችና፣ «ቁስለት ነው ትላለች፣ አባ። በጉሉኮስ ይደርቃል» አለችው።

ሰላሀዲን ሁሉንም ሰምቷል። በቤቱ «እንግሊዝኛው ከኤርፖርት እስከ ዳውንታውን ነው» እየተባለ ይቀለድበታል። ለማውራት ሰነፍ ስለሆነ ቀልዱን ወዶት ነው የኖረው። ለመስማት ግን ሰንፎ አያውቅም። ሰው ታክሲ ውስጥ ሲገባ ሹፌሩ ጆሮ እንዳለው ይረሳል። ከሆስፒታል በር ያነሳቸው ሰዎች ያቺን ቃል ለእናታቸው፣ ለወንድማቸው በስልክ ሲናገሯት ከኋላ ወንበር ስትወድቅ ይሰማት ነበር፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ የሚመጣውን ዝምታም ያውቀዋል። የዚያን ቀን ግን የልጁን ፊት አየና፣ «ቁስለት ከሆነማ አልሐምዱሊላህ» አለ። እዚያ ላይ ነው በራሱ ቃል የተያዘው።

ቤት ሲደርሱ ይነግሩኛል ብሎ ጠበቀ። አልነገሩትም። በነጋታው ዙሌካ ለመስጊድ ሰዎች የዋትስአፕ ግሩፕ በድምፅዋ ስትልክ በግድግዳው በኩል ሰማት፤ ደህና አድሯል፣ ቁስለት ነው፣ ዱዓ አድርጉ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ወሰደ። ሳምንቱን ሙሉ ወደ ላይ ሲለው፣ ጣቶቹ ደንዝዘው ብርጭቆ ሲያመልጠው ከረመ። ሰኞ ሁለተኛው ነው። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰኞ አለመሄድ። የቀረችውን ጊዜ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ፣ ከሰፈራቸው ከቶርንክሊፍ ፎቆች ወዲያ ያለውን የሸለቆ ጫካ እያየ፣ የሚበላው ሆዱ ውስጥ እየቆየለት ሊጨርሳት።

አንድ ቀን ሞክሮ ነበር። ሰኞን ብንተወውስ አላት ዙሌካን። እሷም ትራሱን እያስተካከለች፣ ሰው ቁስለት እያለበት መድኃኒት ይተዋል እንዴ፣ ልጅ ሆንክ እንዴ አለችው። ምን ይመልሳል? ቁስለት የሚያደርቅ ጉሉኮስ እምቢ ማለት ቅብጠት ነው። እምቢ ለማለት መጀመሪያ ነገሩ በስሙ መጠራት ነበረበት። እሱ ራሱ እንዳይጠራው ደግሞ ልጁ አለች፤ «ያን ቀን ሰምቼ ነበር» ካለ እኮ ራውዳ አባቷን ፊት ለፊት ስትዋሽ የኖረች ልጅ ሆና ልትቀር ነው። እሷው ራሷ ትናገረው። መንገዱን ግን ማን ያሳያት?

መጽሐፉ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው።

በኤርፖርት ተራ የሚጠበቅበት ሜዳ አለ። መኪኖቹ ተደርድረው ሰዓቱ ሲገፋ ኢስሀቅና ሌሎቹ ዳማ ይጫወታሉ፣ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ፤ ሰላሀዲን ወንበሩን አጋድሞ ያነብ ነበር። የሚያነበው ተሳፋሪ የረሳውን ነው፤ ጋዜጣም ይሁን የምግብ አሠራር። አንድ ጊዜ ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አገኘ። ባለቤቱ ተፈልጎ ሲጠፋ የመኪናው ሆነ። ከፕሬዚዳንቶቹ ሁሉ ደጋግሞ ያነበበው ጋርፊልድ የሚባለውን ነው፤ በፈረንጆቹ በ1881 በመጋቢት ሥልጣን ይዞ በመስከረም የሞተውን። ለምን እንደወደደው አያውቅም። ምናልባት ምዕራፉ አጭር ስለነበር ይሆናል፤ ተራው ሳይደርስ ያልቃል።

እናም ከሳምንት በፊት ራውዳን ጠራና፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ከሥራ ስትመለሺ ከዚህ መጽሐፍ ትንሽ ትንሽ ንገሪኝ፣ ያንቺም አማርኛ ይፍታታ አላት። ገጹን ራሱ ነው የገለጠላት። ስዕሉን አይቶ የመረጠው መሰላት።

ራውዳ በእንግሊዝኛ እያነበበች በአማርኛዋ ትነግረው ጀመር። ሰውየው በድሃ የእንጨት ቤት ተወልዶ፣ ቦይ ላይ ጀልባ በሚጎትቱ በቅሎዎች ኋላ ሲሄድ ያደገ ነው። ፕሬዚዳንት ሲሆን ሥራ ፈላጊው ቤተ መንግሥቱን አጥለቀለቀው። ሁሉም ሹመኝ ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ይገባሉ፣ ያወራሉ፣ አይወጡም፤ ሰውየው ሥራ መሥራት አቅቶት ተሰላቸ።

«አባ፣ ይሄ እኮ የኛ ሳሎን ነው» አለች ራውዳ።

ሰላሀዲን የዚያን ቀን ከልቡ ሳቀ፤ ሆዱም አልቀየመውም። ዙሌካ ከኩሽና ሆና ምን አሳቃችሁ አለች።

በማግሥቱ ጋርፊልድ በባቡር ጣቢያ ከጀርባው በጥይት ተመታ። የመታው ሹመት ፈልጎ ያጣ ሰው ነው። ሐኪሞቹ ዙሪያውን ከበቡ፤ እጃቸውን ሳይታጠቡ ጣታቸውን ቁስሉ ውስጥ እየከተቱ ጥይቷን ፈለጉ። ራውዳ ፊቷን አጨማደደች። «አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይገባል፣ ጣቱን። ሶ ግሮስ፣ አባ።» ሰላሀዲን ብርድ ልብሱን ሆዱ ላይ ሳብ አደረገና፣ አውቃለሁ፣ ቀጥይ አላት።

ከዚያ ስለ መግለጫዎቹ ደረሰች። ሐኪሞቹ በየቀኑ ደጋግመው ለሕዝብ ወሬ ያወጣሉ። ፕሬዚዳንቱ ደህና አደሩ፤ ምግብ ወሰዱ፤ ትኩሳታቸው ጋብ ብሏል። አገሩ በሙሉ ጋዜጣ መለጠፊያው ሥር ቆሞ ያነባል። ሰውየው ግን እየቀለጠ ነው። ራውዳ እዚህ ላይ ድምፅዋ ቀነሰ። ጣቷ መስመሩ ላይ ቆመ። ከማዶ ክፍል ዙሌካ ስልኳን ይዛ ለግሩፑ እየተናገረች ነበር፤ «ዛሬ ተመስገን ነው፣ አጥሚት ጠጥቷል...» ሰላሀዲን ልጁን በዓይኑ ጭራ ተመለከተ። አሁን ትነግረኛለች ብሎ ጠበቀ። ራውዳ ግን መጽሐፉን አጠፈችና ነገ ሥራ አለብኝ ብላ ተነሳች። ደከመው። ሰውን ወደ አንድ ነገር መምራት ከመሸከም እንደሚከብድ በታክሲ ዘመኑ አያውቅም ነበር፤ ያኔ ተሳፋሪው አድራሻውን ራሱ ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን ጨምሮ አላነበበችለትም፤ እንግዳ አለ፣ ድካም አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን፣ የመጨረሻዎቹ ጠያቂዎች ጫማቸውን አጥልቀው ከሄዱ በኋላ፣ ራሷ መጽሐፉን ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ሌሊቱን ብቻዋን ገልጣ እንዳነበበችው ገባው፤ ማንበቢያ ምልክቱ ቦታው ተለውጧል። ስለዚህ መጨረሻውን ታውቃለች። ተመስገን አለ በልቡ። ትራሱ ላይ ቀና አለ።

ራውዳ ጀመረች። ስልክን የፈለሰፈው ቤል ለጋርፊልድ ብሎ አንድ መሣሪያ ሠራ፤ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ። ሰላሀዲን ይሄ ሰው ቤተሰቡ እዚሁ ቅርብ ብራንትፎርድ ነበር፣ አንድ ጊዜ ተሳፋሪ አድርሻለሁ፣ ቤታቸው አሁን ሙዚየም ነው አላት። ራውዳ አልሳቀችም። ቤል መሣሪያውን ይዞ የፕሬዚዳንቱ አልጋ አጠገብ ቆመ አለች። ሆዱ ላይ አንቀሳቀሰው። አንድ ገጽ ገለበጠች፤ ደግማ ገለበጠች።

«ጮኸ» አለች። «አገኘው፣ አባ። ጥይቱን አገኘው። ሐኪሞቹም አወጡት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዳነ።»

«ዳነ?»

«አዎ። ተነሳ። ላይክ... ቀስ ቀስ ብሎ በእግሩ ሄደ። ወደ ሥራው ተመለሰ።»

ሰላሀዲን ጣሪያውን አየ። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ ሰውየውን ሲነሳ አየው፤ ጢሙን አበጥሮ፣ ኮቱን ለብሶ፣ በሩ ላይ የቆሙትን ሥራ ፈላጊዎች በትከሻው ገፍቶ ሲወጣ። ደስ የሚል ነገር ነው። እንዲህ ብንተወውስ አለ በልቡ። ሰኞ ሄዶ ክንዱን ይሰጣል፤ ዙሌካም ለግሩፑ ትናገራለች፤ ልጅቱም የዳነ ፕሬዚዳንት ይዛ ትኖራለች። ለማንም አይከብድም፣ ከእሱ ሌላ። ከዚያ ብርጭቆው ከጣቱ ማምለጡ ትዝ አለው።

«ራውዳ።»

«ወዬ።»

«መሣሪያው አላገኘውም።»

ቀና ብላ አየችው።

«ዋናው ሐኪም ጥይቷ በቀኝ ናት ብሎ አንዴ ተናግሮ ነበር። ስለዚህ በቀኝ በኩል ብቻ ነው ያስፈተሸው። ግራውን አላስነካም። ጥይቷ በግራ ነበረች። የአልጋው ሽቦም ብረት ስለሆነ መሣሪያውን ያሳስተው ነበር።»

«አንብበኸዋል» አለች ራውዳ፣ ቀስ ብላ።

«ተራ ስጠብቅ። ስንት ጊዜ።»

ልጅቱ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ወደ ኋላ ሲሄድ ታየ፤ ከመጽሐፉ ወደ ሳምንቱ፣ ከሳምንቱ ወደ ሆስፒታሉ ክፍል። «ዶክተሯንም... ያን ቀን... ሰምተህ ነበር?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የሂጃቧን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ቆይቶ፣ «አፉ ብዬሻለሁ» አላት፤ በደሴ ሰው አነጋገር፣ ይቅር ብዬሻለሁ ማለቱ ነው። «አሁን ሰውየው ወደ ባሕር የሄደበትን አንብቢልኝ። ያን ገጽ ስትዘልዪ ነው ያዘንኩት።»

ራውዳ አፍንጫዋን ጠርጋ ገጹን ፈለገችው። ዙሌካ በዚህ መሐል የአጥሚት ኩባያ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ልጅቱ አላየቻትም፤ ሰላሀዲን አይቷታል። አላስቆማትም።

ጋርፊልድ ከዋሽንግተን ሙቀትና ከሐኪሞቹ መሐል አውጡኝ አለ። ባሕር ማየት ፈለገ። በባቡር ወሰዱት። ሐዲዱ ግን ከባሕሩ ቤት ደጃፍ አይደርስም ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ በአንድ ሌሊት ሐዲድ ዘረጋለት፤ ባቡሩ ዳገቱን መውጣት ሲያቅተው ፉርጎውን በእጃቸው ገፉት። መስኮት ሥር አስቀመጡት። ባሕሩን አየ። ብዙም ሳይቆይ፣ በመስከረም፣ ሞተ። ራውዳ ይህን ሁሉ በተሰባበረ አማርኛዋ አንድም ነገር ሳትዘል ነገረችው።

ታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማል።

«ነገ የሚሰጡኝ ምንድነው?» አለ ሰላሀዲን።

«ኬሞ ነው።»

«ያድነኛል?»

«አያድንህም፣ አባ።» እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ካንሰር ነው። ትንሽ ሊያቆይህ ይችላል። አንተ ነህ የምትወስነው፣ ዶክተሯ እንደዛ ነው ያለችው። እኔ ነኝ ያልነገርኩህ።»

«እንግዲያው አልሄድም።»

«እሺ።»

ዙሌካ ወደ ውስጥ ገባች። ራውዳ ደንግጣ ከወንበሩ ተነሳች፤ እናቷ ግን አላየቻትም። ኩባያውን ከአልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከማሩና ከዘምዘሙ መሐል ቦታ ፈልጋ አስቀመጠችው። አጥሚቱ ይጨሳል። ጎንበስ ብላ የተገለጠውን የእግሩን ጣት በብርድ ልብሱ ሸፈነች። እጇ እዚያው እግሩ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ዙሊ» አላት።

አየችው። ይሄን ፊቷን አያውቀውም ነበር፤ ይሄን ሁሉ ዘመን አብሯት ኖሮ አሁን ነው ያየው። ቁጣ ይሁን ዕፎይታ መለየት አልቻለም። እንደ ጋርፊልድ ሐኪም ቀኙን ብቻ ፈትሹ ብላ ግራውን በክንዷ ሸፍና የቆመችው እሷ ናት፤ ግን በየሌሊቱ ተነስታ ትራሱን የምታቀናውም እሷ ናት።

ዙሌካ ወጣች።

ስልኳ ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሲነዝር ሰሙት። ግሩፑ ነው፤ በዚህ ሰዓት የሰላሀዲንን አዋዋል ይጠይቃል። አላነሳችውም። ከዚያ በበሩ ሥር ጫማ ሲጎተት ተሰማ። ሲጠለቅ እንጂ ሲወልቅ ስላልሆነ ሰላሀዲን መጀመሪያ የማን እንደሆነ አላወቀም። ቀላል ነው፣ ጠንቃቃ ነው፤ አንዱ እግር ገባ፣ ቆየ፣ ሌላው ገባ።

«እማ?» አለች ራውዳ።

በሩ ተከፈተ፤ ሰው የተኛበት ቤት እንደሚዘጋው ቀስ ብሎ ተዘጋ። ኮቴው በኮሪደሩ ራቀ። የሚሠራው ኤሌቬተር ሲመጣ ተንቋቋ፤ ደጃፉን ከፈተ፤ ዘጋ፤ ወደ ታች ሄደ።